መጥተው የተመለሱ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤትና በተከራዮቹ ክፍል መካከል የነበረው ግድግዳ ከጣውላ የተሠራ ነበር። ወዲያ የሚወራው ሁሉ እኛ ጋ ይደርሳል። አንድ ሰሞን ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲለኩ የሚውሉ ሁለት ሰዎች ተከራይተው ነበር፤ በሩ ላይ የሚያቆሙትን ባለሦስት እግር መሣሪያ እንዳንነካ እናታችን ጠዋት ማታ ታስጠነቅቀን ነበር። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጥፌ ሰማኋቸው። አንደኛው፣ «ሰዉስ?» አለ። ሁለተኛው፣ «ሰው መሄጃ አያጣም» አለ። አንደኛው ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር መለሰ። እሱን ነው ያጣሁት። አንዳንድ ቀን «እስቲ አንተ ራስህ ተሻገረው» ያለው ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ያላለ፣ ጫማውን አውልቆ ብቻ የወረወረ ይመስለኛል።

ታላቅ እህቴ አብራኝ ነበረች። ያኔ እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እኔ ዘጠኝ ነበርኩ። ነገሩን ባነሣሁ ቁጥር ትስቅብኛለች። «ስለ መንገድ ያወሩበትን ቀን አላውቅም» ትላለች። «ስለ ሚስቶቻቸው ነበር የሚያወሩት። አንተ ልጅ፣ ያኔም ጆሮህ የፈለገውን ነው የሚሰማው።»

ሊሆን ይችላል። እነሱ የለኩት መንገድ ግን ተሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰፍቶ ዛሬ ሰፈራችንን እንደ ዳቦ ለሁለት ገምሶት ያልፋል፤ አራት መኪና ጎን ለጎን ይሄድበታል። እኔና እህቴ ዛሬም እዚያው የእናታችን ቤት ነን። በራችን ከዳርቻው ሰባት እርምጃ ይርቃል። ቆጥሬዋለሁ።

መቁጠር ሥራዬ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ክፍል ሰው ቆጣሪ ነኝ። ከዚያ በፊት እዚያው በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ጥበቃ ነበርኩ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ሠራተኞች ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣና ደብዳቤ እየለቃቀምኩ ተማርኩ። አንድ ጠዋት የክፍሉ ኢንጂነር ወደ ግቢው የሚገቡትንና የሚወጡትን በደብተር ስመዘግብ አገኘኝና «ይህን ማን አዘዘዎት?» አለኝ። «ማንም። እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው» አልኩት። በሳምንቱ ሰሌዳ፣ እርሳስና ታጣፊ በርጩማ ሰጠኝ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቅጹ አራት ዓምድ አለው፦ እግረኛ፣ ጭነት የያዘ እግረኛ፣ ብስክሌት፣ ተሽከርካሪ። አራት ሰረዝ ወደ ታች፣ አምስተኛው በላያቸው አግድም። ሕጉም አንድ ነው፤ ሰው ተሻገረ የሚባለው መሐል ያለውን ነጭ መስመር ሲያልፍ ነው። ከዚያ በፊት ቢወድቅም፣ ቢጸልይም፣ ሐሳቡን ቢለውጥም ሰረዝ አያገኝም። ኢንጂነሩ ይህን ሲያስረዳኝ፣ «ጋሼ፣ የሰው ሐሳብ መቁጠር አንችልም፤ የምንቆጥረው እግሩን ነው» አለኝ። ልክ መስሎኝ ነበር።

ምክር ቤቱ አልሠራም ብል ግፍ ይሆንብኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ የሐኪም ቤቱ መንገድ የእግረኛ ዳርቻው ሰፍቶ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ከጓደኛው ጋር ጎን ለጎን እያወራ ያልፍበታል። ወደ ትምህርት ቤቶቹ በሚወርደው ቁልቁለት የብስክሌት መስመር ተለይቶ አጫጭር ምሰሶ ተተክሎለታል። እኔ ራሴ ወደ ሥራ የምሄደው በዚያ በኩል በብስክሌት ነው፤ ድሮ የልቤን ምት እየሰማሁ እወርደው የነበረውን ቁልቁለት አሁን እያፏጨሁ እወርደዋለሁ። በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሃያ ሁለት ቦታዎች ዝርዝር ተለጥፏል። ያለቀው አረንጓዴ ክብ፣ የተጀመረው ቢጫ፣ ሊሰረዝ የታሰበው ቀይ ይለጠፍበታል። የምክር ቤቱ የመንገድ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ሴትዮ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ገና ወንበር ሳይሰጡት ወደዚያ ሰሌዳ ይወስዱታል።

ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት የእኛ ሰፈር ነው። ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫ እንዲሠራ ታቅዶለት ነበር። አስፋልቱ ጉብ ብሎ መኪናው ወደደም ጠላም የሚዘገይበት፣ መሐሉ ላይ ሰው ቆሞ የሚተነፍስበት ጠባብ ደሴት ያለው ማቋረጫ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራበት ቤት ከመንገዱ ማዶ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ነው። አምስት ሴቶች የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉበታል፤ የእሷ ማሽን መስኮቱ ሥር ነው፣ በራችን ላይ ሆኜ አቀርቅራ ስትሰፋ አያታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ዳሌዋ ተሰብሮ ከዳነች ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ቀስ ብላም ቢሆን ትሄዳለች። መንገዱ ነው ቀስ ማለት የማያውቀው። ስለዚህ ለመሻገር ባጃጅ ትይዛለች። ባጃጁ ከበራችን ያነሣትና እስከ አደባባዩ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በወዲያኛው በኩል ተመልሶ ስፌት ቤቱ ደጃፍ ያወርዳታል። ሠላሳ እርምጃ ለማይሞላ መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ባጃጁ ከዘገየ ትዘገያለች፤ ከቀረም ትቀራለች።

የስፌት ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን የትምህርት ቤቶች ትዕዛዝ ቀን አለው። እህቴን ጠርታ፣ «ማቋረጫው የሚሠራ ከሆነ እስኪሠራ እታገስሻለሁ። ከዝርዝሩ ከተሰረዘ ግን ማሽኑን በሰዓቱ ለሚገኝ ሰው እሰጠዋለሁ፤ አትቀየሚኝ» አለቻት። እህቴ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ጣቶቿ ግን ጭኗ ላይ የሌለ ጨርቅ ወደ ፊት ይገፉ ነበር። «ቤት ከዋልኩ መጀመሪያ የሚሞተው እጄ ነው» አለችኝ።

አሥራ ሰባትን የመቁጠሩ ተራ የእኔ ሆነ። ለኢንጂነሩ «እህቴ እዚያ ናት፤ ሌላ ሰው ቢቆጥረው አይሻልም?» አልኩት። «እህትዎ ስንት ሰው ናት?» ብሎ ቀለደና ቅጹን ሰጠኝ። አንድ ቦታ በዝርዝሩ ላይ እንዲቆይ በሰዓት ሁለት መቶ ሰው ሊሻገርበት ይገባል። በርጩማዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አንድም ሳላስመልጥ ቆጠርኩ። አንድ መቶ አርባ ሦስት መጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጡ ቅጹን ፊቴ ዘርግቼ ቢሮ ቀረሁ። የጎደለው ሃምሳ ሰባት ነው። ሃምሳ ሰባት ሰረዝ ለማስመር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እርሳሱን አነሣሁ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ከላይ ያለው ግን ያያል፤ ቁጥሬንም ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። «አምላኬ፣ ይህን እጅ ያዝልኝ» አልኩ በልቤ። እርሳሱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ቅጹን ወስጄ ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ከዚያ መቀመጥ አቃተኝ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። እውነት የሠራ ሰው ሰላም ያገኛል ብዬ ነበር፤ እኔ ያገኘሁት የእግር ማሳከክ ነው።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወንበሩን ደርድሬ ከኋላ ቆምኩ። ኢንጂነሩ አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ ቀይ ክብ ለጠፈ።

ሊቀመንበሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይኼኛው ለምን?» አሉ።

«ቁጥሩ አልሞላም። ሰው ብዙ አይሻገርበትም።»

«ማን ነው የቆጠረው?»

ኢንጂነሩ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«እርስዎ ነዎት? ቁጥሩ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው» አልኩ።

ዋሽቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸሁም። ሊቀመንበሯ «የመጨረሻው ዝርዝር የሚጸድቀው የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ነው» አሉና ወደ አሥራ ስምንት አለፉ።

ለእህቴ ሳልነግራት ሦስት ቀን ቆየሁ። በሦስቱ ቀን ያልቆጠርኩት ነገር የለም። ደረጃ ቆጠርኩ፣ የመስኮት ብረት ቆጠርኩ፣ አንድ ሰው ሲናገር ስንት ጊዜ «ማለት ነው» እንዳለ ቆጠርኩ። ለጸሎት ቆሜ እንኳ በሩ በተከፈተ ቁጥር ስንት ሰው ገባ ስል አሜኑ ያመልጠኝ ነበር። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጸሐፊ «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ይጥፋ እንጂ፣ ሻዬን ደፋኸው» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን እራት ላይ ነገርኳት። ማንኪያዋን እንደያዘች ሰማችኝ።

«ሰው የለም ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ቆጠርኩ። አንድ መቶ አርባ ሦስት ነው።»

«እኔን ጨምረህ?»

«አንቺን...» አልኩና ቆምኩ።

«ያን ቀን እኮ አይቼሃለሁ» አለች። «ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጁ በአጠገብህ ሲያልፍ እጄን አውለበለብኩልህ። ቀና ብለህ አየህና አቀርቅረህ ሰረዝ አሰመርክ። ደስ አለኝ። ቆጠረኝ ብዬ ለሴቶቹም አወራሁላቸው።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ቆጥሬያታለሁ፤ ግን በአራተኛው ዓምድ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝን ሴት ተሽከርካሪ ብዬ መዝግቤያታለሁ። ያን ጠዋት በዓይኔ ፊት የዞረው ባጃጅ ሁሉ፣ ከዚህ ሰው አንሥቶ ከዚያ ማዶ ሲያወርድ ያየሁት ሁሉ፣ አንድ በአንድ ታወሰኝ። ሁሉንም መኪና ብያቸዋለሁ። መኪና ሲበዛ ደግሞ እግረኛው ያነሰ ይመስላል።

«ምነው፣ ምን ነካህ?»

«ተሽከርካሪ ነሽ» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ምርኩዟን አንሥታ ጎኔን ወጋ አደረገችኝ። «ታርጋዬንስ ጻፍከው?»

ከሥራ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ከዚያ ወዲህ መንገዱ ዳር ማሳለፍ ጀመርኩ። ይህን ያዘዘኝ የለም። በርጩማው ላይ መቀመጥ አልሆንልህ ስላለኝ እየተንጎራደድኩ ነበር የማየው። ከዚያ በፊት መሐለኛውን ነጭ መስመር ብቻ ነበር የማየው፤ አሁን ዓይኔን ወደ ዳርቻው አመጣሁት። አንዲት ሴት ሁለት ባልዲ ይዛ ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ አንድ እግሯን ታወርዳለች፣ ጥሩምባ ይጮኻል፣ እግሯን ትመልሳለች። ባልዲዎቹን አስቀምጣ እጇን ታሻሽና አንሥታቸው በመጣችበት ትሄዳለች። አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን እስከ ጠርዙ ይገፉና፣ ሰው ያላያቸው ይመስል ግራ ቀኝ አይተው ይመልሱታል። እነዚህ ሰዎች በእኔ ቅጽ ላይ አልተወለዱም። ቅጹን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ «መጥተው የተመለሱ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ «በባጃጅ የተሻገሩ»። በአንድ ሰዓት የመጀመሪያዎቹ ስልሳ አንድ፣ ሁለተኞቹ ሰማንያ ስምንት ሆኑ።

ኢንጂነሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቅጹ ጀርባ ነው።»

«ነው።»

«ጀርባው ላይ የተጻፈውን ኮምፒውተሩ አይቀበልም።»

«እርስዎስ?»

ወረቀቱን መልሶ ገለበጠው። ክፉ ልጅ አይደለም። ቤቱ አራስ ልጅ አለ፤ ዓይኑ ከቀላ ወር አልፎታል። ለአንዱ ቦታ ቅጹን ካላላ ሌሎቹ ሃያ አንዱ ሁሉ እንደገና ይታዩ እንደሚባል፣ አረንጓዴዎቹም ሳይቀሩ ክርክር እንደሚነሣባቸው አስረዳኝ። «ደግሞስ፣ የተመለሰ ሰው ለምን እንደተመለሰ በምን እናውቃለን? ስልኩን ቤት ረስቶ ቢሆንስ?»

«በአንድ ሰዓት ስልሳ አንድ ሰው ስልኩን አይረሳም።»

«በባጃጅ የሄዱትስ? ለመሻገር ብቻ መሳፈራቸው በምን ይታወቃል?»

«የሚያሻግራቸውን ሰው ጠይቁት።»

ዓይኑን አሻሸና ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ። «አንድ መንገድ አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ማንኛውም ነዋሪ ኮሚቴው ፊት አምስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ሾፌሩ ራሱ መጥቶ ከተናገረ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። በቃለ ጉባኤ የተያዘውን መልስ ሳልሰጥበት ማለፍ አልችልም፤ ቀዩን አንሥቼ በአዲስ መልክ ማስቆጠር ግዴታዬ ይሆናል። እርስዎ ግን አይሆኑም፣ ሠራተኛ ነዎት። እህትዎም ብትናገር ስለ ራሷ ብቻ ነው።»

ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ባጃጅ አለ። የሦስቱ አውራ፣ እህቴን የሚያመላልሳት ሾፌር፣ ከሠላሳ አምስት የማይበልጥ ጎልማሳ ነው። ሰው ሁሉ «ድልድዩ» ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ረቡዕ ዕለት በቆመበት ሄጄ ነገሩን ከነምክንያቱ ነገርኩት። መስታወቱን እየወለወለ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ልክ ሰምቼህ ከሆነ፣ ሄጄ ‹እባካችሁ ሥራዬን ውሰዱልኝ› ልበላቸው ነው የምትለው?»

«እንደዚያ አትበል። በቀን ስንት ሰው እንደምታሻግር ብቻ ተናገር።»

«እሱ አይደል እንዴ ሥራዬ? ይልቅ ሐውልት እንዲያቆሙልኝ ጠይቅልኝ። ድልድይ ማፍረስ የሚያስቀጣ ነገር ነው።»

«ሌላ ቦታ መሥራት ትችላለህ። ከገበያው ወደ ሐኪም ቤቱ የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው?»

«እዚያ ሰልፍ አለ፣ ግፊያ አለ፣ ስድብ አለ። እዚህ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ሰው ራሱ ይመጣልኛል። እግዜር ይስጣቸው መንገዱን ያሰፉትን።»

«እህቴ ማሽኗን ታጣለች።»

ጨርቁ መስታወቱ ላይ ቆመ። «እሷን እንደ እናቴ ነው የማያት። በየቀኑ አደርሳታለሁ፣ ታውቃለህ።»

«ያለፈው ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ልጄ ታሞብኝ ነበር።»

«እሷም ያን ቀን አልሠራችም።»

ወደ መስታወቱ ተመለሰ። «እወድሃለሁ ጋሼ፤ አሁን ግን ተሳፋሪ ይጠብቀኛል» አለና ባዶውን ባጃጅ አስነሥቶ ሄደ።

ሐሙስና ዓርብ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። እኔም አልተከተልኩትም። ሰውን በሥራው ላይ መለመን ይከብደኛል፤ እኔ ቢሆን ምን እል እንደነበርም አላውቅም። በርጩማዬን ይዤ ወደ ዳርቻው መመለሱን ብቻ ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ስፌት ቤቱ የሚዘጋው በሰባት ሰዓት ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብዬ መንገዱ ዳር ነበርኩ። ድልድዩ በእግሩ መጣ። ትከሻው ላይ ጎማ ተሸክሟል። አላየኝም፤ ዓይኑ ከማዶ፣ ከስፌት ቤቱ አጠገብ ያለው ጎሚስታ ላይ ነበር። ጠርዙ ላይ ቆመ። አንድ እግሩን አወረደ፣ አንድ ታክሲ ጥሩምባውን ነፋበት፣ እግሩን መለሰ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሞከረ፤ ከባድ መኪና አልፎ ነፋሱ ሸሚዙን ገለበው። በሦስተኛው አንዱን መስመር ሮጦ ካለፈ በኋላ ከጎኑ ሌላ መኪና ሲመጣበት ወደ ኋላው በረረ። ጎማው አመለጠውና እየተንከባለለ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ።

ሰረዝ አሰመርኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ትንፋሹ ሳይመለስ አጠገቤ መጣ። «ምንድን ነው የጻፍከው?»

«ሰረዝ ናት።»

«እኔን ነው የጻፍከኝ። አሳየኝ።» ጎንበስ ብሎ አርእስቱን አነበበ። «እኔ አልተመለስኩም። የተመለሰው ጎማው ነው።»

«ለጎማ ዓምድ የለኝም።»

ሊቆጣ ነበር፤ ግን ትንፋሹ አላደረሰውም። ጎማውን አጋድሞ ላዩ ላይ ተቀመጠ። «መጠባበቂያዬ ነው ይሄ። አንዱ ጠዋት ፈነዳ፣ በዚህ ቀየርኩት፤ ይሄም ተነፈሰ። ሁለቱ ጓደኞቼ ገበያ ናቸው፣ ስልክ አያነሡም።»

ስልኩ ጮኸ። ማዶ ስናይ እህቴ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሣው።

«የት ደረስክ ልጄ? ዘጉብኝ እኮ።»

«እዚህ ነኝ እትዬ።»

«እዚህ የት?»

«ፊት ለፊትሽ እይ።»

አየችን። እሱን ጎማው ላይ፣ እኔን በርጩማው ላይ። መኪኖቹ በመሐላችን ሲያልፉ አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ትጠፋለች።

«ባጃጅህስ?»

«ጎማ ተነፍሶበት ቆሟል። ልሻገርና ላስነፋ እየሞከርኩ ነው።»

«ስንት ጊዜ ሞከርክ?»

ወደ እኔ ዞረ። «ሦስት» አልኩት።

«ሁለት» አላት።

በስልኩ ውስጥ ሳቀች። «አይዞህ። እኔ ሁለት ዓመቴ ነው። በል እዚሁ ደረጃው ላይ ልቀመጥ፤ ስትሻገር ቀስቅሰኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ድልድዩ ጎማው ላይ አላርፍ አለ፤ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ አንገቱን ያሰግጋል። እኔ ሰረዜን ቀጠልኩ። አንዲት ነፍሰ ጡር መጥታ ቆመች።

«እሷ ትመለሳለች» አለ። «አውቃታለሁ፣ ዘወትር የማሻግራት እኔ ነኝ።»

ተመለሰች። ስታየው ባጃጁን በዓይኗ ፈለገች፤ ጎማውን በጣቱ አሳያት። ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ብስክሌታቸውን የሚገፉት ሽማግሌም መጡ፣ ቆሙ፣ ግራ ቀኝ አይተው ተመለሱ።

«እሳቸውን ጽፈሃቸዋል?»

«ጽፌያቸዋለሁ።»

«ያቺንስ፣ ግድግዳው ጋ የቆመችውን? ገና ልትመለስ ነው።»

«ስትመለስ ነው የምጽፋት።»

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀመጥን። አንዱን ሲያሳየኝ ሌላው ያመልጠዋል፤ ድምፁ እየተጣደፈ መጣ። ድንገት ጣቱን አወረደና፣ «እኔ እኮ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ የማየው የገቡልኝን ነው» አለ። «ይሄን ያህል ሰው ቆሞ እንደሚቀር አላውቅም ነበር።»

ሌላ ሰረዝ አሰመርኩ።

«ብናገር ምን እሆናለሁ?»

«ሥራህ ይቀንሳል።»

«እሱን እኔም አውቀዋለሁ። ሌላ ደግ ቃል የለህም?»

«የለኝም።»

«አንተ ሰውዬ ሰው ለማግባባት አልተፈጠርክም» አለና ስልኩን አወጣ። ማዶ እህቴ ከደረጃው ላይ ስልኳን ስትፈልግ ቦርሳዋ ወደቀ።

«ተሻገርክ?» አለች።

«አልተሻገርኩም። እትዬ፣ ማሽንሽን ለሌላ ሊሰጡት ነው የተባለው እውነት ነው?»

ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው አለፉ። ድምፃቸው ሲርቅ ብቻ ተናገረች።

«እውነት ነው። ማን ነገረህ? እሱ ነው? ልጄ፣ እሱ የሚልህን ተወው፤ ሥራህን ልቀቅ ልልህ አልችልም፣ እኔም ሥራዬን እንዳልለቅ ነው የምፈራው። ብትናገርም ባትናገርም ግን ጎማህን አስነፍተህ ና ውሰደኝ። ዳሌዬ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አይወድም።»

«እሺ» አለ። ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው፣ ደግሞ ከተተው። ከዚያ ተነሣና ጎማውን አቆመው።

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ዋናው የሥራ ሰዓት ላይ? እነዚህ ሰዎች ሆን ብለው ነው?»

«አምስት ደቂቃ ቢበዛ ነው የሚወስደው።»

«ብቻዬን አልገባም። ብቻዬን ከገባሁ ሁለቱ ጓደኞቼ ሸጠን ይሉኛል። እነሱንም ይዤ ነው የምመጣው፤ ይጮኹብኛል፣ ግን ይመጣሉ።» ትንሽ አሰበ። «ደግሞ እንዲሁ በአፌ ‹ብዙ ሰው ነው› ብል ያ ቀይ ዓይን ኢንጂነርህ ይስቅብኛል። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ለመሻገር ብቻ የተሳፈረውን ሦስታችንም እንጽፋለን። እስቲ ሰረዙን እንዴት እንደምታደርገው አሳየኝ።»

ከደብተሬ ሦስት ቅጠል ቀደድኩለት። በአንዱ ላይ አራት ሰረዝ ወደ ታች አሰመርኩ፣ አምስተኛውን በላያቸው አግድም። ተቀብሎኝ ጎማው ላይ አስደግፎ ሞከረው፤ አንደኛው ረዘመበት፣ ሁለተኛው ተጣመመ። «ይሆናል?» አለ። «ይሆናል» አልኩት። ወረቀቶቹን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና መንገዱን እንደገና ሳይሞክረው ጎማውን በዳርቻው እያንከባለለ ወደ አደባባዩ መሄድ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ዞር አለ።

«ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ሦስታችንም እንመጣለን» አለ። «ሞተር ግን አናጠፋም።»